አያቴ ገበያ ላይ የበሉ ቀን

ልጅ ሳለሁ የዓለም ሰው ሁለት ዓይነት ይመስለኝ ነበር፤ ቤቱ የሚበላና ገበያ ላይ የሚበላ። ይህን ያስተማሩኝ አያቴ ናቸው። በእኛ ቀዬ፣ ከሰቆጣ የቀናት መንገድ ርቆ፣ ከጽጽቃ ወዲያ ባለው የዝቋላ ቆላ፣ ትልቅ ሰው ከቤት ውጭ በሰው ፊት አይበላም ነበር። መንገደኛ እንኳን ስንቁን የሚፈታው ከመንገድ ወጣ ብሎ፣ ከቋጥኝ ጀርባ ተከልሎ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ከተከናነበ በኋላ ነው። የሰው ዓይን ይፈራል። አያቴ ግን ከዓይኑም በላይ የሚሉት ነበራቸው። ገበያ ላይ የሚበላ ሰው «ግባ» የሚለው ቤት ያጣ ሰው ነው ይሉ ነበር።

ዛሬ እኔ ራሴ ሰቆጣ ላይ ምግብ ቤት አለኝ። ከሸራ ወደ ቆርቆሮ፣ ከቆርቆሮ ወደ ብሎኬት የመጣሁት በማንም ትከሻ አይደለም። በር ላይ ቆሜ የገባውን ሰው አይቼ ስንት እንጀራ እንደሚወጣ፣ ከድስቱ ስንት ጭልፋ እንደሚጎድል አውቃለሁ። ልጆቼ «እማዬ ተኝታም ትቆጥራለች» እያሉ ይስቁብኛል፤ እውነታቸውን ነው። የተጣላ ሰው ሲኖርም ለሽምግልና ይጠሩኛል፤ ማን ለማን ምን እንዳደረገ አልረሳም ይላሉና። ከማልረሳው ሁሉ ግን ቀድሞ የሚመጣብኝ ያ የሰቆጣ ጉዞ ነው።

ያኔ ደርግ ወድቆ መንገዱ ሰላም ከሆነ ጥቂት ክረምት አልፎ ነበር። አባቴ ጦርነት ሄዶ በዚያው ቀረ። እናቴ ደግሞ ከጉዞው በፊት በነበረው ክረምት በወባ ሞተች። የእናቴ አባት የሆኑት አያቴ፣ ታናሹ ልጃቸው አጎቴ ሞላና እኔ በአንድ ጎጆ ቀረን። ሴት የሌለበት ቤት ሆነ። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ በእኛ አገር ያኔ ዘጠኝ ዓመት ለሴት ልጅ ትንሽ አይደለም። ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው እየመጡ በራችን ላይ ይቆሙ ጀመር። አያቴ «ገና ናት» እያሉ ይመልሷቸዋል፤ እነሱም ይሄዱና በሚቀጥለው ወር ይመለሳሉ።

አያቴ ይህን ነገር አንድ ጊዜ አይተውት ነበር። ትልቋን ልጃቸውን፣ አክስቴን አበቡን፣ በእኔ ዕድሜ ገደማ ድረዋት፣ አድጋ ነፍስ ስታውቅ ከባሏ ቤት ጠፍታ ሰቆጣ ገባች። አማቾቹ መጥተው በደጃቸው ጮኹ፤ አያቴ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ወዲህ ልጃቸውን አላዩም፣ ከእጇም እህል አልቀመሱም። ከሰቆጣ የሚመለሱ ሰዎች «አበቡ ቤት ይዛለች፣ ነጋዴ ሆናለች» የሚል ወሬ ያመጡ ነበር። አያቴ ሰምተው እንዳልሰሙ ይሆኑ ነበር።

በጥቅምት ማር ተቆርጦ ሲያበቃ ጉዞ ተነሣን። ሁለት አህያ ማር ጭነን፣ የሚሸጡ ፍየሎች እየነዳን፣ ገበያ ከገበያ እየሸጥን ሰቆጣ ገብተን ጨው ይዘን ለመመለስ ነበር። ለእኔ የተነገረኝ ይህ ነው።

የመጀመሪያው ገበያ ጽጽቃ ነበር። እኔ ከቀዬዬ ወጥቼ አላውቅም፤ ያን ያህል ሰው በአንድ ቦታ ሲንጫጫ ማየት ራሴን አዞረኝ። የፍየል ጠረን፣ የቆዳ ጠረን፣ ፀሐይ ላይ የተዘረጋ በርበሬ። ሴቶች ጥንቅሽ በእቅፍ በእቅፍ አስረው ዘርግተዋል። አንዲት ባልቴት ከብረት ምጣድ ላይ የሽምብራ ቆሎ በሲኒ እየሰፈረች ትሸጣለች፤ ቆሎው ሲፈነዳ ትንሽ ርችት ይመስል ነበር። አያቴ ከፍየል ገዢ ጋር እጃቸውን በጋቢ ሸፍነው ሲጫረቱ፣ አጎቴ ሞላ ክንዴን ይዞ ጎትቶ ከአህያዋ ጀርባ ወሰደኝ።

አጎቴ ሞላ ያኔ ሃያ ዓመት አይሞላውም። ገበያ የሄደ ሰው ያልበላ እንደሆነ ገበያውን አላየውም የሚል እምነት ነበረው፤ ይህን እምነቱን ግን አባቱ ፊት ተናግሮ አያውቅም። ጥንቅሹን በጥርሱ ልጦ ሰጠኝ። በአህያዋ ሆድ ሥር አጎንብሰን አኘክን። ጣፋጩ ውሃ በአገጬ ሲወርድ በነጠላዬ ጠረግሁ። ቆሎውን በኪሱ ሞልቶ በየመንገዱ አንዳንድ ፍሬ ያቀብለኝ ነበር፤ እኔ በምላሴ ሥር አቆየዋለሁ፣ አያቴ ዞር ሲሉ እሰብረዋለሁ።

ያን ምሽት ያደርነው ከጽጽቃ ወጣ ብሎ በአያቴ ዘመድ ጎጆ ነው። እሳቱ ወደ ፍም ሲወርድ፣ የማሽላ አገዳ ጭስ በሣሩ ጣራ ሥር እንደ ጉም ተንጠልጥሎ ሳለ፣ አያቴ ተረት ጀመሩ። ቀን ቀን ቁጥብ ሰው ናቸው፤ ከፍም ፊት ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። ተረታቸውን የሚያወሩት በቀዬአችን ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ ነበር። አማርኛ ለገበያና ለዳኛ ነው ይላሉ።

የዚያን ዕለቱ ተረት ስለ አንድ ነጋዴ ነበር። ነጋዴው ሰባት ገበያ ይዞራል፤ በሰባቱም እየከፈለ ይበላል። የማንንም ደጅ ረግጦ «ቤቶች» ብሎ አያውቅም። አንድ የክረምት ማታ ጎርፍ አህዮቹን ወሰደበትና እየተንዘፈዘፈ ከአንድ ደጅ ቆመ። ከውስጥ «ማን ነው?» አሉት። «እኔ ነኝ፣ ትናንት ከእጅሽ የበላሁት» አለ። ሴትዮዋም «ከፍለህ በላህ፣ እኔና አንተ ጨርሰናል» አለችው። ሁለተኛውም ቤት እንዲሁ፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። በመጨረሻ ከቀዬው ዳር ጅብ አገኘውና «ማን ትባላለህ?» ሲለው፣ ሰውዬው ስሙን ሊናገር አፉን ቢከፍት ስሙ ጠፋው። ሲጠራው የኖረ ሰው ስላልነበረ ረስቶታል። ጅቡም «እንግዲያ ከእኔ ወገን ነህ» ብሎ ይዞት ሄደ።

አያቴ ተረቱን እዚያ ላይ ነው የተዉት። ወዲያ ማዶ ጅብ ሲጮህ ሰምቼ፣ ስሙን እየፈለገ ያለው ያ ሰውዬ ነው ብዬ ወደ አያቴ ጉልበት ተጠጋሁ። በአፌ የቀረውን የሽምብራ ፍሬ ዋጥሁት፤ ሳላኝከው።

በማግስቱ የደረስንበት ገበያ ትንሽ ነበር፤ አንድ ትልቅ ዋርካ፣ ከሥሩ ጨው ሻጮች፣ ሸማኔዎች፣ ጥቂት በጎች። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ትኩስ ንፍሮ በጣሳ እየሰፈረች፣ ጨውና በርበሬ በሦስት ጣቷ ቆንጥራ ትበትንበታለች። አጎቴ ሞላ በቅል ገዝቶ ከነጠላዬ ሥር ደበቀልኝ። እንፋሎቱ ሆዴን እያሞቀው ስንሄድ አያቴ በድንገት ቆሙ።

«ይቺ ልጅ ምን ምን ትሸታለች?»

«የበርበሬው ጭነት ይሆናል፣ አባባ» አለ አጎቴ።

«እኛ የጫንነው ማር ነው።»

አጎቴ ሰማይ ሰማይ አየ። አያቴም ጥቂት አይተውት፣ «እንግዲህ ንቦቹ ዘንድሮ በርበሬ ቀስመዋል» ብለው አህያዋን መቱና ቀደሙን። ከኋላቸው ሆነን እስኪያመን ሳቅን። ከእናቴ ሞት ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም ነበር። ንፍሮውን ስጨርስ ግን አጎቴ ሳቁን ተወና ሌላ ነገር አወራኝ። እስከ ዛሬ ለምን ያን ሰዓት እንደመረጠ አላውቅም፤ ሆዷ ሲሞላ ትችለዋለች ብሎ ይሆናል።

አያቴ ሰቆጣ የሚሄዱት ለጨው ብቻ እንዳልሆነ ነገረኝ። እኔን አክስቴ ዘንድ ሊያኖሩኝ አስበዋል። አስበዋል እንጂ አልቆረጡም። በእኛ አገር ሰው እህል ባልቀመሰበት ቤት ልጅ አደራ አይሰጥም። ከምድጃው የወጣውን በልቶ፣ ከውሃው ጠጥቶ፣ ከዚያ ነው አደራው አደራ የሚሆነው። «ስለዚህ» አለኝ አጎቴ፣ «አባባ ከአበቡ እጅ ከበሉ አንቺ ሰቆጣ ትቀሪያለሽ። ካልበሉ አብረን እንመለሳለን።»

መቅረት እንደማልፈልግ አልነገርኩትም። ምን ይጠቅማል? ሰቆጣ ለእኔ ስም ብቻ ነበር፤ አክስቴም ስም ብቻ ነበረች። የማውቀው ሰው አያቴንና አጎቴን ብቻ ነው።

ያን ምሽት ከአንድ ገበሬ ግቢ፣ ከበረቱ አጠገብ አሳደሩን። አያቴ ከፍሙ ዳር ስለ አንዲት ዶሮ አወሩ። ዶሮዋ እግሯ ታስሮ፣ ቁልቁል ተንጠልጥላ ገበያ ተወሰደች፤ ገዢ አጥታ ተመለሰች። ዶሮዎቹ ከበው «ገበያ እንዴት ያለ አገር ነው?» ቢሏት፣ «ገበያማ ሰዉ እግሩን ወደ ላይ ሰቅሎ የሚሄድበት፣ ሰማዩ ከታች የተነጠፈበት አገር ነው» አለቻቸው። በሚቀጥለው ገበያ የተወሰደችው ዶሮ፣ ሰማዩን እንዳትረግጠው ፈርታ መንገዱን ሁሉ ዐይኗን ጨፍና ሄደች። የገበሬው ልጆች ተንከባለሉ። እኔ እንኳ ሳቅሁ፤ ግን ስስቅ የአያቴን አፍ አያለሁ። ከገበሬው ቤት የቀረበላቸውን እንጀራ ሲቆርሱ፣ ሲያኝኩ፣ ሲውጡ አያለሁ። ያ አፍ ሰቆጣ ላይ ከተከፈተ እኔ እቀራለሁ ማለት ነው።

ሰቆጣ ልንገባ አንድ ቀን ሲቀረን፣ ሦስተኛው ምሽት ላይ፣ እሳት ዳር ተቀምጠን «አባባ፣ ተረት» አልኋቸው። አያቴ እንጨቱን ገፋ ገፋ አደረጉ። «የዛሬው አልመጣልኝም» አሉ። ፍሙ አመድ ሳይለብስ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተጋደሙ። 

ሰቆጣ ስንገባ ገበያው ሞልቶ ነበር። ያኔ ያየሁትን ሁሉ ዛሬ በየቀኑ አየዋለሁ፤ የዚያን ቀኑን ያህል ግን አይቼው አላውቅም። የጨው አሞሌ እንደ ግድግዳ ተደርድሯል። ነጭ ማር በቅል በቅል። አዲስ የመጣው የላስቲክ ኮንጎ ጫማ በገመድ ተሰክቶ በነፋስ ይወዛወዛል። አንድ ልጅ ቦንቦሊኖ በሳፋ ተሸክሞ ይዞራል፣ ሻይ የሚያፈላ ሰው በነጭ ጋዝ የሚነድ ምድጃ ላይ ማንቆርቆሪያውን ያጮኻል፣ ከአንዱ ሱቅ ካሴት ይዘፍናል። አጎቴ አምባሻ ቆርሶ በእጄ ሸጎጠልኝ፤ መብላት ግን አቃተኝ። ሁሉ ሰው የሚሄድበት ያለው ይመስል ነበር።

አያቴ የአክስቴን ቤት አጠያየቁ። አንዱ «አበቡ? እዚያ ማዶ፣ ከሸራዎቹ» አላቸው። አያቴ ያልሰሙ መስሏቸው ደግመው ጠየቁ፤ ሌላውም ወደዚያው አመለከተ።

ከገበያው ጫፍ ሸራ በአራት አጣና ወጥረው ምግብ የሚሸጡ ሴቶች ነበሩ። ከመካከላቸው አንዲቱ ሻሿን ወደ ኋላ አስራ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ጭልፋ እያወዛወዘች «ግቡ፣ ግቡ፣ ትኩስ ሽሮ» ትላለች። ሁለት ተሸካሚዎች ቆመው ያሾፉባታል።

«በሩን አሳዪንና እንግባ እንጂ፣ እቴ።»

«ለእናንተ ቁመት በር ምን ያደርጋል? ጎንበስ በሉ፣ ሸራዬን በግንባራችሁ እንዳትቀዱብኝ።»

ተሸካሚዎቹ እየሳቁ ጎንበስ ብለው ገቡ። እሷም እየሳቀች ቀና ስትል አያቴን አየች። ጭልፋው በእጇ እንዳለ ቀረ፤ ሽሮው ጠብ ጠብ እያለ እግሯ ላይ ሲፈስ አላወቀችውም። ከዚያ መጥታ ጉልበታቸውን ሳመች። አያቴ ትከሻዋን ነክተው አነሷት። አላለቀሱም፤ በገበያ መካከል ማልቀስም እንደ መብላት ነው።

«ቤትሽ የት ነው?» አሏት በኽምጣንጋ።

አክስቴ በአማርኛ መለሰች። «ይኸው ነው፣ አባባ።»

የምታድርበት ክፍል እንዳላት፣ ከአንዲት ሴት ጋር እንደምትጋራው፣ ባለቤቱ እሳት እንዳይነድበት ስለከለከለ ምድጃ እንደሌላት እየተንተባተበች አስረዳች። ምድጃዋ ይህ ከሸራው ሥር ያለው ሦስት ጉልቻ ነው። ስለዚህ ከእጇ የሚበላ ሰው የሚበላው እዚህ ነው፤ አላፊ አግዳሚው እያየ።

አጎቴ ሞላ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ደስ ያለኝ ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። ነገሩን አሰላሁት። አባባ ገበያ ላይ አይበሉም። ካልበሉ አደራ አይሰጡም። አደራ ካልሰጡ አብረን እንመለሳለን። የጾም ቀን ቢሆን ብዬ መንገዱን ሁሉ ስመኝ ነበር፤ አሁን ጾሙም አላስፈለገኝ። 

አክስቴ በትሪ የማሽላ እንጀራ ዘርግታ፣ ሽሮውን ጨልፋ፣ ከላዩ የኑግ ዘይት ጠብ አድርጋ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍና ሣጥን ላይ አኖረችው። የሸፈነችው ለዓይን መሆኑ ገባኝ፤ የአባቷን ልማድ አልረሳችም። አያቴ አልተቀመጡም። «ልጆቹ ይብሉ» አሉ። አጎቴ ሞላ በሌላ ሳህን ቀርቦለት በላ፤ የዚያን ቀን ግን ሳይጣፍጠው። እኔ ርቦኝ እያለ እጄን ሰበሰብሁ። እኔም ካልቀመስኩ ነገሩ ይጠነክራል ብዬ ነው።

አክስቴ እያየችኝ «እናትሽን መስለሻል» አለች። 

አያቴ ከሸራው አፍ ቆመው ረጅም ጊዜ ገበያውን አዩ። ከዚያ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ በአማርኛ፣ ትምህርት ቤቱ ሩቅ መሆኑን ጠየቁ። በማዶ የሚታየውን ቆርቆሮ ጣራ አሳየቻቸው። ሲመሽስ የት ትተኛለች አሉ። ከእኔ ጋር ትተኛለች አለች። ከዚያም፣

«ሽማግሌ ቢመጣባትስ?» አሉ።

አክስቴ ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ አኖረች። «እኔ እያለሁ አይመጣባትም፣ አባባ። እኔ አውቀዋለሁ።»

 ያ ቃል ወዴት እንደገባባቸው እኔ ማየት አልቻልኩም፤ ጀርባቸው ብቻ ነበር የሚታየኝ። ከዚያ ዞሩና «ውሃ አምጪ» አሏት።

እጃቸውን ሲታጠቡ እንኳ አልገባኝም። ለመሄድ መስሎኝ ነበር። ጋቢያቸውን ከራሳቸው አወረዱና ትከሻቸው ላይ ጣሉት። ትሪው ያለበትን ሣጥን አዞሩት፤ ጀርባቸውን ለገበያው ሳይሆን ፊታቸውን ለገበያው ሰጥተው ተቀመጡ። ጨርቁን ራሳቸው ገለጡት። አማተቡና ቆረሱ።

አንድ ጊዜ ጎረሱ። ሁለት ጊዜ። ጨው ሻጮቹ አለፉ፣ ፍየል ነጂዎች አለፉ፣ ሰማይ አልወደቀም። በሦስተኛው ጉርሻ ላይ የቀዬአችን ሰው፣ አንድ ገብሬ የሚባል ቀልደኛ፣ ጨው ተሸክሞ ሲያልፍ አያቸውና ቆመ። እንደዚያ ያለ ወሬ በጀርባው ካለው ጨው ይልቅ እንደሚሸጥለት በፊቱ ላይ ይነበብ ነበር።

«አያ ክንፉ፣ እርስዎም ገበያ ላይ?» አለ።

አያቴ አልቸኮሉም። በአፋቸው ያለውን አኝከው ዋጡ።

«ልጄ ቤት ነኝ» አሉት። «ግባ፣ ብላ።»

ገብሬ ወደ ሸራው፣ ወደ አጣናዎቹ፣ ወደ ተሸካሚዎቹ አየ። «ይቆየኝ» ብሎ እየሳቀ ሄደ። አክስቴ ወደ ምድጃው ዞራ እሳቱን ትነፋ ጀመር፤ የሚነድ እሳት ነበር፣ መነፋት አያስፈልገውም። 

ከዚያ አያቴ ጠቅለል ያለ ጉርሻ አድርገው ወደ እኔ ዘረጉ። አፌን አልከፈትኩም። በእኛ አገር የትልቅ ሰው ጉርሻ አይመለስም፤ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። እጃቸው በአየር ላይ ቆየ። አልተቆጡም፣ አልለመኑም፤ ጠበቁ። የሽሮው ሙቀት ከጣቶቻቸው ወደ ከንፈሬ መጣ። ከፈትኩ። ሽሮው ጣፋጭ ነበር፤ ከሁሉ የከፋኝ ያ ነው።

ጨዉን ጭነው የተነሡት ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። አያቴ ግንባሬ ላይ እንትፍ እንትፍ ብለው መረቁኝ። አጎቴ ሞላ አህዮቹን መታ። አህዮቹ በጨው መንገድ ሲያዘግሙ እኔ ከሸራው አጣና አንዱን ይዤ ቆምኩ። አያቴ አልዞሩም። ቢዞሩ ኖሮ ሮጬ እንደምከተላቸው ያወቁ ይመስለኛል።

ገበያው ሲፈታ እንዴት እንደሚበርድ የሚያውቅ የዋለበት ብቻ ነው። ሴቶቹ ሸራቸውን ጠቀለሉ፤ ከየምድጃው ላይ ውሃ ሲያፈሱ ፍሙ ጭስስ እያለ በተራ በተራ ጠፋ። መጨረሻ የቀረው የእኛ ነበር። በዚያ ፍም ዳር ተረት የሚያወራ ማንም አልነበረም፤ አክስቴ ድስት ታጥባለች፣ እኔ ክዳን እይዛለሁ። ከዚያ እሷም ውሃ አፈሰሰችበት።

ክፍሏ ውስጥ ኩራዝ እየጤሰ በአንድ መደብ ላይ ተጋደምን። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ፤ አያቴን ስለበሉ ጠላኋቸው፣ እሷንም ስላበላች ጠላኋት። ኩራዙን እፍ ብላ ካጠፋችው በኋላ የተኛች መስሎኝ ነበር። በጨለማው ውስጥ በኽምጣንጋ አናገረችኝ፤ ቀኑን ሙሉ ያን ቋንቋ ከአፏ አልሰማሁም።

«ጨው በዝቶባቸው ይሆን?»

አልበዛም አልኋት። «ሁሉን አልጨረሱትም እኮ» አለች።

«እኔን አጉርሰው ነው።»

 ከዚያ እጇ መጥቶ ነጠላውን እስከ ጆሮዬ ሳበልኝ።

እዚያ ቤት አደግሁ ማለት እዚያ ሸራ ሥር አደግሁ ማለት ነው። ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት ትሪ። አክስቴ ቃሏን ጠበቀች፤ ሽማግሌ መጥቶብኝ አያውቅም፣ ያገባሁትም ራሴ ያልኩትን ሰው ነው። አያቴ በየዓመቱ ማር ከተቆረጠ በኋላ ይመጡ ነበር፤ ጋቢያቸውን ከራሳቸው አውርደው፣ ፊታቸውን ለገበያው ሰጥተው ከእጃችን ይበሉ ነበር። ግን አያድሩም። ተረት ደግሞ የማታ ነው እንጂ ከቀትር ገበያ ጋር አይሄድም። ስለዚህ ከዚያ ጉዞ በኋላ ከአያቴ አፍ አንድም ተረት አልሰማሁም። የሰማኋቸውን ለልጆቼ አውርቻለሁ፤ ያወራሁት ግን በአማርኛ ነው፣ ጅቡም እንደዚያን ጊዜው አያስፈራም። አንዳንድ ማታ ምግብ ቤቱ ተዘግቶ፣ ከሰሉ አመድ ለብሶ፣ ብቻዬን ስቀመጥ በኽምጣንጋ ልጀምረው እሞክራለሁ። ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ሄጄ የሚሰማ ስለሌለ እተወዋለሁ።

አያቴ ሲሞቱ ለቅሶ ዝቋላ ወረድኩ። ከድንኳኑ ጥግ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች፣ ማን እንደሆንኩ ሳያውቁ፣ ስለ ሟቹ ሲያወሩ ሰማሁ። ደግ ሰው ነበሩ አሉ፤ ቤታቸው እንግዳ አይጠፋውም ነበር አሉ። ከዚያ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያ ‹ገበያ በል› የሚለው ስማቸው እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም» አለ። ሁለቱም ቀስ ብለው ሳቁ።

ይህን ስም እኔ ሰምቼው አላውቅም ነበር። አጎቴ ሞላን ስጠይቀው አንገቱን ደፍቶ፣ ገብሬ ከሰቆጣ የተመለሰ ዕለት እንደጀመረ፣ ልጆች ሳይቀሩ ከኋላቸው በዚያ ስም ይጠሯቸው እንደነበር፣ ለእኔና ለአክስቴ ማንም ትንፍሽ እንዳይል አያቴ እንዳስማሉት ነገረኝ። በየዓመቱ ከእኛ ሸራ ሥር በልተው፣ ያንን ስም ወደሚሰሙበት ቀዬ ይመለሱ ነበር ማለት ነው።

ሁሉን ነገር የምቆጥር ሴት ነኝ። ያን ስም ስንት ዓመት ተሸክመው እንደኖሩም ቆጥሬዋለሁ። ቁጥሩን ግን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለአክስቴም።